ጅማ ላይ የሚሰጠው የስፕሪንግቦርድ ሥልጠና፦ ውኃ አገባቡን ጥሩ አድርጎ ያስተምራል፣ ቦርድ ግን የለውም

ጅማ ውስጥ በአንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ የሚሰጠው የጀማሪዎች ሥልጠና ማስታወቂያው ላይ «ስፕሪንግቦርድ ዳይቪንግ» ይላል፤ ከሚነጥር ቦርድ ላይ ተነስቶ ውኃ ውስጥ መጥለቅ ማለት ነው። ሄዳችሁ ስታዩት ቦርድ የለም። ያለው ገንዳው፣ ጠርዙ፣ ጥቂት የጂምናስቲክ ፍራሽ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና በረንዳው ሥር ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ የተሰመረ የቦርድ ቅርጽ ነው። ይህን አይቶ ገንዘቤን መልሱ የሚል ሰው አይፈረድበትም። ቢቆይ ግን አይከስርም፤ ጀማሪ ከሚማረው ውስጥ ከባዱ ክፍል ቦርድ አይፈልግም።

ቅድሚያ ጥልቀቱን እንይ። የገንዳው ጥልቅ ጫፍ 3 ሜትር አይሞላም። በዓለም አቀፉ ደንብ ከውኃው 1 ሜትር ከፍ ብሎ የሚተከል ስፕሪንግቦርድ ጫፉ ሥር ቢያንስ 3.40 ሜትር ውኃ ይፈልጋል፤ ባለ 3 ሜትሩ ደግሞ 3.70። ስለዚህ እዚህ ቦርድ አለመተከሉ ትክክል ነው፣ ጥፋቱ የማስታወቂያው ነው። ከጠርዝ ላይ በጭንቅላት መግባትን ለማስተማር የተለመደው ዝቅተኛ ጥልቀት 2.70 ሜትር ገደማ ሲሆን ይህን የሚያሟላው የዚህ ገንዳ አንድ ጫፍ ብቻ ነው። አሰልጣኙም ሰው የሚያስገባው ከዚያው ጫፍ ብቻ ነው። አንዱ ዋኝቶ ጠርዝ ሳይነካ ሌላው እግሩን አያነሳም። የትም ገንዳ ስትሄዱ ጥልቀቱ ግድግዳው ላይ ካልተጻፈ ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ «ጥልቅ ነው» ማለት መልስ አይደለም።

ሥልጠናው የሚመሰገነው በውኃ አገባቡ ነው። የሚጀመረው ከእጅ ነው። አንዱ መዳፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ውኃው ይዞራል፣ ሌላው ከጀርባው መጥቶ ይይዘዋል፣ ክርን ይቆለፋል፣ ትከሻ ወደ ላይ ይገፋል፣ ሁለቱ ክንዶች ጆሮን ግራና ቀኝ ይጨምቃሉ። አዲስ ሰው ሁልጊዜ የሚያደርገው ሁለት መዳፉን ለጸሎት እንደሚያጋጥም አጋጥሞ በጣቱ ጫፍ መግባት ነው። የሾለ እጅ ውኃውን ስለማይከፍትለት ግንባሩ ይመታል። ጠፍጣፋው መዳፍ ግን ውኃውን ገፍቶ ክፍተት ይሠራል፤ ጭንቅላት፣ ትከሻና ዳሌ ተከታትለው በዚያው ያልፋሉ። ውኃ ሳይረጭ የሚገባ ጠላቂ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ፍራሽ ላይ በጀርባ ያስተኟችኋል። እጅ ከራስ በላይ ተይዞ፣ ሆድ ገብቶ፣ ወገብ ፍራሹን መንካት አለበት። አሰልጣኙ መዳፉን ከወገባችሁ ሥር ይሰዳል፤ ካለፈለት እንደገና ነው። አሰልቺ ነው፣ ልጆችም ያኮርፋሉ። ግን እዚህ የጎበጠ ወገብ ውኃ ውስጥም ጎብጦ ይገባል፣ ማታ የሚያመውም እሱ ነው።

ውኃው ላይ ቅደም ተከተሉ የታወቀው ነው፦ በእግር መዝለል፣ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ተንከባሎ መግባት፣ በአንድ ጉልበት ተንበርክኮ፣ በመጨረሻም ቆሞ ከወገብ ታጥፎ ዝም ብሎ መውደቅ። በሆድ መውደቅ የሚመጣው ውኃውን ለማየት ጭንቅላት ሲነሳ ነው፤ ጭንቅላት ሲነሳ ደረት ይከተላል፣ ሰውነት ይዘረጋል። በተቃራኒው አገጩን ደረቱ ላይ የለጠፈ ሰው ይገለበጥና በጀርባው ይመታል። እዚህ የሚሰጡት መፍትሔ አጭርና ትክክለኛ ነው፦ ጭንቅላት ሳይንቀሳቀስ ዓይን ብቻ በቅንድብ ሥር እጅን ይይ። እግሩ ለሚከፈትበት ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ መካከል ስፖንጅ ያስይዙታል፤ ስፖንጁ ከእግሩ በፊት ውኃ ላይ ከተገኘ ክርክር የለም።

የሚወቀሰው ክፍል የአረማመዱ ነው። ጠመኔው ላይ ሦስት እርምጃና ሀርድል ይሠራል፤ ሀርድል ማለት በአንድ እግር ተነስቶ፣ የሌላኛውን ጉልበት ወደ ላይ አንስቶ፣ በሁለት እግር ቦርዱ ጫፍ ላይ ማረፍ ነው። እግር አቀማመጥ፣ የእርምጃ እኩልነት፣ እስኪያርፉ ድረስ የቦርዱን ጫፍ ማየት፣ ይህ ሁሉ በደንብ ይሠራበታል። ችግሩ ሲሚንቶ አይታጠፍም። ሲሚንቶ ላይ እንዳረፋችሁ ትዘላላችሁ። እውነተኛ ቦርድ ላይ ግን ካረፋችሁ በኋላ ቦርዱ እስኪወርድ መጫን፣ ሲመለስም እስኪያነሳችሁ መጠበቅ አለባችሁ። ይህን ጥበቃ ያልለመደ ሰው እጁን ቀድሞ ያወናጭፋል፣ ቦርዱ ገና ሲወርድ እሱ ለመነሳት ይታገላል፤ ወይ ከፍታ ያጣል፣ ወይ ወደፊት ያጋድልና ርቆ ጠፍጣፋ ይወድቃል። ቢያንስ አንዲት ትንሽ ትራምፖሊን ቢገዙ ግማሹ ይቃለል ነበር። እስከዚያው ግን ካረፋችሁ በኋላ ጉልበት አጥፋችሁ «አንድ፣ ሁለት» ቆጥራችሁ እንድትነሱ አሰልጣኙን ራሳችሁ ጠይቁ።

ስለ ቦርዱ ማስተካከያ በቃል ብቻ ነው የሚነገረው፣ ያውም በጥድፊያ። ማወቅ ያለባችሁ ይህን ነው፦ ቦርዱ ሥር ያለው፣ በእግር በሚዞር ጎማ የሚንቀሳቀሰው መደገፊያ ወደ ውኃው ሲጠጋ ቦርዱ ይጠነክራል፣ ወደ ኋላ ሲሸሽ ይለሰልሳል። ጀማሪ በጠንካራው ይጀምር። ለስላሳ ቦርድ ከፍ ያደርጋል ብሎ መሽቀዳደም የተሳሳተ ሰዓት ላይ መወርወርን ነው የሚያመጣው።

የዋና መነጽር አያስገቡም፣ ልክ ናቸው፤ ውኃው ሲመታው ፊት ላይ ይጫናል ወይም ይፈናጠራል። ቀለበትና ሐብል ይወልቃል፣ ረጅም ፀጉር ይታሰራል። ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ያለበት ሰው በዚያ ቀን ፍራሽ ላይ ብቻ ይሥራ።

ክረምት ላይ ለመመዝገብ ያሰባችሁ አስቡበት። የጅማ ዝናብ ከሰዓት ሲይዝ በቀላሉ አይለቅም። ነጎድጓድ ሲሰማ ሰው ከውኃ ይወጣል፣ ይህ መሆን ያለበት ነው፤ ያለፈው ክፍለ ጊዜ የሚካካስበት ሥርዓት ግን የላቸውም። ወጨፎው በረንዳው ሥር ስለሚገባም ጠመኔው ይታጠብና በየጊዜው ይሰመራል፣ ርዝመቱም አንዴ 4 ሜትር አንዴ 5 ይሆናል። የቦርድ ደንቡ ርዝመቱ 4.80፣ ስፋቱ 0.50 ሜትር ነው፤ አንድ ጣሳ ቀለም ይበቃዋል። ክፍያው በወር ሲሆን የገንዳው መግቢያ ለብቻው ስለሚታሰብ ሁለቱን ደምራችሁ ጠይቁ። መዋኘት ለማይችል ልጅ ይህ ቦታው አይደለም፤ በጥልቁ ጫፍ ወጥቶ ራሱን ችሎ ጠርዝ የሚደርስ ሲሆን አምጡት።