«ጾም ነው፣ ትቀንሻለሽ» ለሚሏችሁ ልብስ ሻጮች ብር እንዳትልኩ

የጎንደር ሰዎች፣ በተለይ ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ያለባችሁ፣ ይቺን ጨርሳችሁ ሳታነቡ ለቀሚስ ብር እንዳትልኩ። እኔ ልኬ ነው የተማርኩት።

ጥር መጨረሻ ላይ የታናሽ እህቴ ሰርግ ነበረ። ሚዜዎቹ አራት ነን፤ እኔ፣ ሁለት ጓደኞቿ እና የአክስታችን ልጅ፣ ገና 16 ዓመቷ። አንድ ዓይነት ቀሚስ እንልበስ ተባባልን። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር፣ ጥምቀትና ሰርግ በአንድ ወር ሲገጥሙ ቤት ውስጥ ያለውን ጭንቅ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሸማኔ ጋ ሄደን እናሠራ ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። «የአገር ልብስ ለመልሱ እንለብሳለን» ብለው አሸነፉኝ። ከዚያ በቴሌግራም የምትሸጥ፣ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ያላት ሱቅ ተገኘች። ቀሚሱ ወይን ጠጅ፣ ረጅም፣ ከላዩ ሰፊ ሻርፕ ያለው። አንዱ 4,500 ብር። ከፎቶው ሥር «ሳይዝ ሁሉም አለ» ይላል።

«ስንት ቁጥር ናችሁ?» ተባልን። ጥያቄውን ልብ በሉልኝ። ደረታችሁ ስንት ሴንቲ ነው አላሉም፣ ወገባችሁ ስንት ነው አላሉም። እኛም ቁጥራችን ግንባራችን ላይ የተጻፈ ይመስል ቶሎ መለስን፤ እኔ ኤክስ ኤል፣ ጓደኞቿ ኤል፣ ልጅቷ ኤም። ሙሉውን ሒሳብ በቴሌብር ላክን።

ልብሱ ህዳር 20 ገደማ ደረሰ። ሱቋ ውስጥ መጋረጃ የተሳበባት ጥግ አለች፤ መስታወቱ ግን ከመጋረጃው ውጭ ነው። ስለዚህ ልብሱ ቢሆንሽም ባይሆንሽም ወጥተሽ ሰው ፊት ነው የምታዪው። የእኔ ዚፕ ከወገቤ በላይ አልሄድ አለ። ሻጯ ክፉ ሰው አትመስልም፣ እንዲያውም ሳቂታ ናት። ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርጋ «አይዞሽ የኔ ማር፣ ጾም ነው አይደል? ትቀንሻለሽ። እስከ ገና ልክክ ይልሻል» አለችኝ። ሁለት ደንበኞች ቆመው ያያሉ። ምን ልበል? እሺ ብዬ ይዤው ወጣሁ።

ጫማ ቢጠበኝ ኖሮ ያኔውኑ «ቀይሪልኝ» እል ነበር። እግሬ ወፍሮ ነው ብሎ የሚያፍር ሰው አይቼ አላውቅም። ቀሚስ ሲጠብ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው ብለን ሳንጠየቅ እንቀበላለን። ሻጯ መከራከር እንኳን አላስፈለጋትም፣ እኔው ራሴ ተከራከርኩላት። የማስጠነቅቃችሁም ከጨርቁ ይልቅ ይሄንን ነው፤ እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት በኀፍረታችን ላይ ተመርኩዘው ነው።

ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ገብቶ ስለነበር ጥሩ መሸፈኛ ሆነኝ። ስድስት ሰዓት ላይ የሚያዞረኝ ሴትዮ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መዋል ጀመርኩ። እናቴ «ዘንድሮስ ልቦና ሰጠሽ» ብላ ደስ ብሏታል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለነቢያቱ ሳይሆን ለዚፑ ነበር የጾምኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዚፑ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አለ፣ እዚያው ቀረ። ስደውል «መቀየር ይቻላል፣ የትልቁ ዋጋ ግን ስለሚለይ 800 ብር ትጨምሪያለሽ» ተባልኩ። ጨመርኩ። አንገቱ ላይ ሁለት ኤክስ ኤል የሚል ታግ ያለው መጣ። እሱም አልወጣም። የመጀመሪያውንም ገና አልመለስኩላትም ነበር። ከፒያሳ ማራኪ እስክደርስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ፤ ሹፌሩ የሞተብኝ ሰው ያለ መስሎት ዘፈኑን ዘጋልኝ።

የእኔስ ይሁን፣ ትልቅ ሰው ነኝ። የገና ዕለት አክስቴ ቤት ተሰብስበን ዶሮው ቀረበ። ከዚያን ያህል ቀን ጾም በኋላ ያቺ የ16 ዓመት ልጅ «አልፈልግም» ብላ ከመሶቡ ራቀች። አክስቴ ደነገጠች። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» ግንባሯን ትነካካለች፣ ጸበል ላምጣልሽ ትላለች። ልጅቷ ዝም። ማታ ብቻችንን ስንሆን ነገረችኝ፦ ኤም አልገባ ብሏታል፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ «በዚህ ዕድሜሽ እንዲህ ከሆንሽ ስትወልጂ ምን ልትሆኚ ነው» ተብላለች፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትበላው። ከሣ የአንገቷ አጥንት ወጥቷል። ቀሚሱ ግን አሁንም ብብቷ ላይ ይይዛታል።

አክስቴ በእሷ ጊዜ «ወፈርሽ» ማለት «ተመቸሽ» ማለት ነበር ትላለች። ከሣሽ ከተባለ ደግሞ ጎረቤት ገንፎ አገንፍቶ ይመጣል። ዛሬም «ወፈርሽ» ብላ ስትስመኝ እየመረቀችኝ ነው፤ እኔ ግን ቤት ገብቼ መስታወት አያለሁ።

ጥር 2 ቀን አምስቱንም ቀሚሶች፣ የእኔን ሁለቱንም ጨምሬ፣ በፌስታል ይዤ ቅዳሜ ገበያ አንድ የማውቃቸው ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። ሲንጀራቸው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። «ጋሼ፣ ወይ አስፉልን ወይ ዋጋ ያለው ነገር አድርጉት» አልኳቸው። ገና ሳይለኩ የእኔን የመጀመሪያውን ቀሚስ ገለበጡና አንገቱ ላይ መነጽራቸውን አስጠጉ። «ልጄ፣ ይሄ ታግ የተሰፋው ከቀሚሱ ጋር አይደለም።» እውነትም የቀሚሱ ክር ወይን ጠጅ ነው፣ የታጉ ክር ነጭ። ከሥሩ ደግሞ በመቀስ የተቆረጠ የሌላ ታግ ቁራጭ እንደ ጥርስ ተርፎ ቀርቷል። ከዚያ በጎን ስፌቱ ውስጥ ፈልገው ትንሽ ነጭ ጨርቅ አወጡ። የማጠቢያ ምልክት፣ የቻይና ጽሑፍ፣ መሃሉ ላይ 165/88ኤ።

ይሄ የቻይኖቹ መደበኛ አጻጻፍ ነው፣ ብታውቁት ይጠቅማችኋል። የመጀመሪያው የባለቤቷ ቁመት ነው፣ 165 ሴንቲ። ሁለተኛው የደረቷ ዙሪያ፣ 88 ሴንቲ። ፊደሉ የደረትና የወገብ ልዩነት ነው፤ ለሴት ልብስ ኤ ማለት ከ14 እስከ 18 ሴንቲ ማለት ነው። እንግዲህ ቀሚሱ የተቆረጠው ደረቷ 88፣ ወገቧ ከ70 እስከ 74 ለሆነች ሴት ነው። ጋሼ ሜትራቸውን ደረቴ ላይ አዞሩት፤ 97። «ብትጾሚ ብትጾሚ አጥንትሽ አይጾምም» አሉኝ።

ሁለተኛውን፣ 800 ብር የጨመርኩበትን አየነው። ውስጡ 165/88ኤ። ያው ነው! የከፈልኩት ለታጉ ነው። የሁለቱ ጓደኞቿም 165/88ኤ። ኤም የተባለው የልጅቷ 155/80ኤ፤ የእሷ ደረት 86 ነው። ከአንድ መጠን ላይ ኤል፣ ኤክስ ኤል፣ ሁለት ኤክስ ኤል አውጥተውበታል። «ሳይዝ ሁሉም አለ» ያሉት ለካ ታጉን ነው። ጋሼ አልገረማቸውም። ታግ በከረጢት ይዞ መጥቶ «ስፉልኝ» የሚል ነጋዴ እሳቸውም ጋ መጥቶ ያውቃል።

እውነት ለመናገር ታጉ ባይቀየርም ቁጥር የሚታመን ነገር አይደለም። ጀርመን 38 የሚለውን ፈረንሳይ 40፣ ጣሊያን 44፣ እንግሊዝ 12 ይለዋል። ከቦንዳ የምትመርጡ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ክምር ውስጥ አራቱንም ታገኛላችሁ፣ ያውም ታጥቦ ታጥቦ የጠበበ። አሜሪካኖች እንኳን አልሆነላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1939 እና 1940 መንግሥታቸው ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን አስለክቶ ነበር፣ ከአንዷ ሰውነት 59 ልኬት እየወሰደ። ጥቁር ሴቶች ግን ከውጤቱ ውጭ ነበሩ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ በ1958 የሴቶች ልብስ ቁጥር ደረጃ ወጣ፣ በ1983 ደግሞ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ድርጅት የፈለገውን ቁጥር ይለጥፋል። እነሱ ዘንድ የተለመደው ማታለያ የእኛ ተቃራኒ ነው፤ ልብሱን አስፍተው ትንሽ ቁጥር ይጽፉበታል፣ ሴትዮዋ ቀጭን ነኝ ብላ ደስ ብሏት እንድትገዛ። የእኛዎቹ ጠባቡን ትልቅ ብለው ሸጡልን። ወዲያም ወዲህም ቁጥሩ ስለ ሰውነታችን የሚያወራው አንዳች ነገር የለም። ፋብሪካም ቢሆን ብዙ ጨርቅ ደራርቦ በአንድ ጊዜ ነው የሚቆርጠው፤ ቢላው ትንሽ ካዘነበለ የላይኛውና የታችኛው እኩል አይወጡም።

ወደ ሱቋ ተመለስኩ፣ ሁለቱን ጨርቅና ታግ ይዤ። ሳቂታዋ አልሳቀችም። «ሁለት ወር ሊሆነው ምንም አይቀረው፣ አሁን ነው የምትመጪው?» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃው ጉድለት ካለበት በገዛሽ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልሽ ወይም ብርሽ እንዲመለስልሽ መጠየቅ ትችያለሽ ይላል። እኔ 15 ቀኑን በጾም ጨረስኩት! «እስከ ገና ልክክ ይልሻል» ማለት ቀኑ ይለፍልን ማለት ነው። ደረሰኝም አልጠየቅኩም ነበር። ብዙ ተጨቃጭቀን፣ ሌላ ደንበኛ ሲገባ ድምፄን ከፍ ሳደርግ፣ 800ዋን ብቻ መለሰች። ቀሚሶቹን አልተቀበለችም።

ቀሚሱን ያዳኑት ጋሼ ናቸው። ሻርፖቹን ቆርጠው ከብብት እስከ ዳሌ በሁለቱም ጎን ጨመሩበት፤ ስፌቱን ቆሞ የሚመረምር ሰው ካልሆነ አያውቀውም። ሻርፕ የሌለን ሚዜዎች ሆንን እንጂ ዚፑ ተዘጋ። ልጅቷ በሰርጉ ዕለት ሁለት ጊዜ ምግብ ስታነሣ አየኋት፣ አክስቴ ደግሞ ከጀርባዋ ቆማ ትቆጥርላታለች።

ለምትገዙ እንዲህ አድርጉ። ቤታችሁ ካለ፣ የምትወዱት፣ ከማይለጠጥ ጨርቅ የተሠራ ቀሚስ አልጋ ላይ ዘርጉና ከብብት እስከ ብብት በሜትር ለኩት፤ እጥፍ አድርጉት። ወገቡንም ዳሌውንም እንዲሁ። ከዚያ ሻጩን «ስንት ቁጥር አለሽ» ሳይሆን «ቀሚሱ ላይ ሜትር ዘርግተሽ ቪዲዮ ላኪልኝ» በሉት። እውነተኛ ነጋዴ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። የራሳችሁን ገላ ከለካችሁ ደግሞ የማይለጠጥ ጨርቅ ቢያንስ አራት አምስት ሴንቲ ትርፍ እንዳለው አረጋግጡ፣ አለበለዚያ መቀመጥ አትችሉም። ጅንስ ላይ 30 የሚለው የወገብ ኢንች ነው፣ 76 ሴንቲ መሆን ነበረበት፤ ለኩት፣ ብዙ ጊዜ አይደለም። ልብሱ እጃችሁ ሲገባ ከመልበሳችሁ በፊት ገልብጡት፤ የታጉን ክር ከስፌቱ ክር ጋር አስተያዩ፣ በጎኑ ውስጥ ያለችውን ነጭ ጨርቅ አንብቡ። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ቀኑን ጻፉ። ሙሉ ብር ቀድማችሁ አትላኩ። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ሻጭ ስለ ሰውነቷ አንዲት ቃል ከተነፈሰ ልብሱን ጥላችሁ ውጡ፤ ያቺን ቃል ጋሼም አያሰፏትም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፣ 55 ቀን። ትናንት ማታ ሱቋ ስሟን ቀይራ ያንኑ ቀሚስ፣ አሁን በአረንጓዴ፣ «ለግንቦት ሰርጎች፣ ሳይዝ ሁሉም አለ» ብላ ለጥፋለች። በሌላ ስልክ ገብቼ «የኤክስ ኤሉ ደረት ስንት ሴንቲ ነው?» ብዬ ጻፍኩላት። አንብባዋለች። እስካሁን አልመለሰችም።