ቮልሴ ፑንቲና ጥላ ኤሌክትሮኒክ ከገባላት በኋላ፣ የስድስት ወር ወሬ

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ቮልስ 1300 ናት፣ በፈረንጅ 1972 የተሰራች፣ 12 ቮልት። አባቴ ነው የገዛት፣ እሱ ደግሞ ያ ዓመት ቮልስ የፎርድን ሞዴል ቲ በምርት ብዛት የበለጠችበት መሆኑን ሳይነግርህ ቡና አያስጠጣህም ነበር፣ ሪከርዱን የሰበረችው 15,007,034ኛዋ ናት ይልሃል፣ ቁጥሩን በቃሉ ነው የሚያውቀው። እኔ ጋ የመጣችው ወንድሞቼ ስለሰለቻቸው ነው። ያሰለቻቸውም አንድ ነገር ነው፣ የሐምሌ ጠዋት መግፋት።

ሞተሪኖው፣ ማስነሻው ማለት ነው፣ ያዞራል፣ ባትሪ አለ፣ ቤንዚን አለ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈተህ ስታይ ግን ብልጭታው አለ የለም የሚያስብል ቀላ ያለች ነገር ናት። ከዛማ የሰፈር ጎረምሳ ይጠራል ይገፋል፣ አንዱ ሁልጊዜ አይጠፋም ፊት ያለውን ኮፈን ከፍቶ "ሞተሩን ሰረቁህ እንዴ" የሚል።

ነገሩ ፑንቲናው ነው። ለማታውቁት፣ ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ ያሉት ሁለት ትንንሽ የብረት ጥርሶች ማለት ነው፣ መሀል ያለው ዘንግ አራት ቦታ ጉብ ጉብ ያለ ነው፣ ሲዞር እየገፋ ይከፍታቸዋል፣ በተከፈቱ ቁጥር ቮልት የሚያበዛው ቦቢና ላይ የነበረው ከረንት ቁርጥ ይላል፣ ያኔ ነው ቦቢናው በሺህ የሚቆጠር ቮልት ወደ ካንዴላ የሚልከው። ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ናት። ዘንጉ ላይ የሚፋተገው ክፍል እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ክፍተቱ ሲጠብ ታይሚንጉ፣ ብልጭታው የሚመጣበት ሰዓት፣ ወደኋላ ይቀራል፣ ጥርሶቹ ደግሞ በራሳቸው ይቃጠላሉ፣ አንተም በብርጭቆ ወረቀት ስታሽ ትኖራለህ። የኔዋ ላይ ሌላም ጣጣ አለባት፣ የዲስትሪቢውተሩ ዘንግ ራሱ በእርጅና ይወዛወዛል፣ ስለዚህ ለአንደኛው ሲሊንደር የለካሁት ክፍተት ሶስተኛው ላይ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ፑንቲና ብትቀይር ብትቀይር ለውጥ የለውም።

እና በፑንቲናው ፈንታ ኤሌክትሮኒክ ላስገባ አልኩ። የመጀመሪያውን ከአንድ ሱቅ ገዛሁ፣ ስም የሌለው፣ ካርቶኑ ላይ የቮልስ ስዕል ብቻ ያለበት። ሶስት ሳምንት ሰራና ድርግም። ሱቁን ስረግም ነው የከረምኩት እላችኋለሁ፣ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝና አፈርኩ፣ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛው ፐርትሮኒክስ ኢግናይተር የሚባለው የአሜሪካኑ ነው፣ የአክስቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ከህፃን ቫይታሚንና ከጫማ ጋር አመጣችልኝ። ዕቃው ሲታይ ያስቃል፣ ይቺ ናት እንዴ ትላለህ። አንዲት ጥቁር ነገር የአውራ ጣት የምታክል፣ ሁለት ሽቦ ወጥቶላታል ቀይና ጥቁር፣ ከሷ ጋር ውስጡ ማግኔት ያለበት ቀለበት አለ፣ በቃ። ቀለበቱን ዘንጉ ላይ ትሰካዋለህ፣ አብሮ የሚዞረው ሮተር ከላዩ ይቀመጣል፣ ጥቁሯ ነገር ፑንቲናው በነበረበት በሱ ብሎን ትታሰራለች። ማግኔቱ ሲያልፍ ውስጧ ያለው ሴንሰር ያውቃል፣ ከረንቱን ይቆርጣል። የሚነካካ የለም የሚበላ የለም፣ የዘንጉም መወዛወዝ እንደ ፑንቲና አያስቸግራትም። ክዳኑን ስትዘጋው ከውጪ ምንም አይታይም፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ የአባቴን መኪና ገመድ በገመድ ማድረግ አልፈልግም።

የገጠማት የኛ ሰፈር ሽማግሌ መካኒክ ነው፣ ቮልስ ላይ ያደገ ሰው። እሱ ፊት ኤሌክትሮኒክ የሚባል ቃል መጥራት ራሱ ድፍረት ነው። "ልጄ ፑንቲና መንገድ ላይ ቢጥልህ በጥፍርህ ታስተካክለዋለህ፣ ይቺ ብትጥልህ በምን ታስተካክላታለህ?" አለኝ። እኔም ጋሼ እሺ በሏት ይሞከር ብዬ ለመንኩት።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን፣ ይሄን ያነበበ ሰው አንድ ዕቃ ከመቃጠል ያተርፋል። ቦቢናው ላይ ሁለት ጫፍ አለ፣ 15 እና 1 ተብሎ ተፅፎበታል። 15 ከቁልፍ የሚመጣው ፖዘቲቭ ነው፣ 1 ወደ ዲስትሪቢውተር የሚሄደው ኔጌቲቭ። የአዲሷ ዕቃ ቀይ ሽቦ 15 ላይ፣ ጥቁሯ 1 ላይ። ቀላል ነው አይደል? ግን ቮልስ ላይ ከቁልፍ መጥቶ 15 ላይ የሚታሰረው የፋብሪካው ሽቦ ራሱ ጥቁር ነው! ጀርመኖቹ ጥቁርን ለፖዘቲቭ ነው የተጠቀሙበት። ጋሼ ፒንሳውን ይዞ ጥቁርን ከጥቁር ሊያገናኝ ነው፣ ማንም ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፣ እጁን ያዝኩት፣ ተቆጣኝ፣ ከዛ ቴስተር አምጥተን ቁልፍ ከፍተን ለካን፣ ጥቁሩ ላይ ቮልት አለ። ዝም አለና መነፅሩን አወለቀ ጠረገ መልሶ አደረገ። የገለበጥከው ቀን ይሄኛው ሞዴል አይምርህም፣ ወዲያው ነው የሚቃጠለው።

ቴስተሩ ከወጣ አይቀር ሌላም ነገር አገኘን። ባትሪ ላይ 12.6 አለ፣ ቦቢናው ላይ ሲደርስ 10.8። ሀምሳ ዓመት ያለፈው ሽቦና የቁልፍ ቤት መንገድ ላይ በልቶታል። ፑንቲና ይሄን ችሎ ይኖራል፣ ኤሌክትሮኒክ ግን ቮልት ሲያንሰው መነጫነጭ ይጀምራል፣ በተለይ ሞተሪኖው ሲያዞር ባትሪው ራሱ ሲወርድ። አንድ ሪሌ፣ በከረንት የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አስገባን ከባትሪ ቀጥታ የሚመጣ፣ ቁልፉ ሪሌውን ብቻ ያዛል፣ አለቀ፣ 12.4 ሆነ። እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ ከለውጡ ግማሹ የዚህ ሪሌ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

የቦቢናችሁንም ኦም፣ ለከረንት ያለውን መቋቋም ማለት ነው፣ ለኩ። ለአራት ሲሊንደር ይሄ ዕቃ ቢያንስ 3 ኦም ይፈልጋል፣ የኔ ሰማያዊ ቦሽ 3.3 ናት፣ ደህና። ከዛ በታች የሆነ ለሌላ ሲስተም የተሰራ ቦቢና ብታስሩ ከረንቱ ይበዛና ዕቃዋን ያበስላታል።

ታይሚንግ የግድ እንደ አዲስ መሰራት አለበት፣ በፊት የነበረው ላይ ተውት የሚል ካለ አትስሙት። ጋሼ እንደለመደው ሞተሩ ቆሞ በመብራት አምፖል ሊያስተካክል ፈለገ፣ ከብልጭታው ጋር እኩል ብልጭ የሚለው ስትሮብ መብራት ይሻላል ብዬ ከጓደኛዬ ተዋስኩ። የኔ ዲስትሪቢውተር ቫኪዩም፣ በሞተሩ መሳብ ታይሚንጉን የሚያስተካክለው ነገር፣ የሌለው 009 የሚባለው ነው፣ ስለዚህ የሚለካው ሞተሩ በደንብ ሲዞር በደቂቃ ከ3 ሺህ ዙር በላይ ሲሆን ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ፑሌጃ ላይ ግን 30 የሚል ምልክት የለም። ቲዲሲውን፣ ፒስተኑ ጫፍ የሚደርስበትን ምልክት፣ አግኝቼ በስተቀኝ በልብስ ሰፊ ሜትር ፑሌጃው ጠርዝ ላይ 45 ሚሊ ለክቼ በእህቴ ነጭ የጥፍር ቀለም አሰመርኩ፣ 30 ዲግሪ እሱ ነው። ስትሮቡን ስታበራው ነጯ መስመር ከሞተሩ መጋጠሚያ ጋር ቀጥ ብላ ትቆማለች። በፑንቲና ጊዜ ብታዩ ያቺ መስመር ትደንስ ነበር፣ አሁን የተለጠፈች ነው የምትመስለው። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው፣ ጋሼም ጎንበስ ብሎ ብዙ አያት ምንም አላለም።

አነዳዷስ? ጠዋት በአንድ ዙር ትነሳለች፣ ይሄ ማጋነን አይደለም፣ ዘንድሮ ክረምት አንድ ቀን ነው የተገፋችው እሱንም እመጣበታለሁ። ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ያ መንተፋተፍ ጠፍቷል። እንጦጦ ስወጣ ሶስተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጋ ትቆያለች፣ አራተኛ ግን ህልም ነው፣ በዛ ከፍታ አየሩ ራሱ ስስ ነው ሞተሩ ምን ያድርግ። ደብረ ብርሃን ደርሼ ተመልሻለሁ፣ መሄጃው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንዴም አላስነጠሰችም። ቤንዚን በጣም ይቀንሳል የሚሉ አሉ፣ እኔ ጋ ያየሁት ትንሽ ነው፣ እሱም በፊት ታይሚንጉ ስለተበላሸ የባከነው ይሆናል የተመለሰው።

የማይሰራውን ደግሞ ስሙ። ከቆመችበት ነዳጅ ድንገት ስትረግጡ ለአፍታ የምትሰጥመዋ ነገር አሁንም አለች፣ እሱ የ009 ፀባይ ነው፣ ቫኪዩም ስለሌለው፣ ይሄ ዕቃ አያድነውም። ብልጭታውም ከቦቢናው በላይ አይሆንም፣ ቦቢናው ያው ነው። ካርቡራተራችሁ ከቆሸሸ ቆሽሿል። ያቺ የተገፋችባት ቀን ደግሞ የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ውስጡ በእርጥበት አልቦ ነበር፣ በጨርቅ ስጠርገው ተነሳች፣ ክዳኑም ስንጥቅ ነበረው፣ ቀየርኩት። ኤሌክትሮኒክ ስላስገባችሁ ክዳንና ሮተር ማየት አትተዉ።

አሁን ያቺን የመጀመሪያዋን ዕቃ ነገር። የአሜሪካኑን መመሪያ ሳነብ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን ከፍታችሁ አትተዉ ይላል። ለካ በዛን ጊዜ ከረንቱ ሳይቆረጥ ቦቢናው ውስጥ ሲፈስ ይቆያል፣ ቦቢናውም ዕቃዋም ይግላሉ። እኔ ደግሞ ኳስ ያለ ቀን መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ ቁልፍ ከፍቼ ሬዲዮ እሰማ ነበር፣ ሙሉ ዘጠና ደቂቃ ከነጭማሪው። በነጋታው ነው ድርግም ያለችው። የሱቁ ባለቤት እሱ ጋ ሄጄ የጮህኩበትን አይረሳውም፣ በዛ በኩል ሳልፍ አሁን ማዶ ማዶውን ነው የምሄደው። ሬዲዮውን ከባትሪ ለብቻው አሳስሬያለሁ።

ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የዲስትሪቢውተራችሁን ቁጥር አካሉ ላይ አንብቡ፣ ቫኪዩም ላለውና ለሌለው ዕቃው ይለያያል፣ 6 ቮልት ላላቸው የድሮዎቹ ደግሞ ሌላ ነው፣ ለሚያመጣላችሁ ዘመድ "የቮልስ" ብላችሁ ብቻ እንዳትልኩ። ከተገጠመ በኋላ ቀለበቱ እስከ ታች መግባቱን እዩ፣ ካልገባ ሮተሩ ከፍ ይልና ክዳኑን ይመታዋል።

ጋሼ ሲጨርስ አሮጌውን ፑንቲናና አብሮት የሚሰራውን ኮንደንሰር በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ አንዲት ካቻቢቴና ክፍተት የሚለካባትን የ0.4 ቅጠሏን ጨምሮ መሳቢያው ውስጥ ከተተልኝ። "አደራ እንዳታወጣት" አለኝ። ስድስት ወር ሆናት፣ እዛው ናት፣ ጋዜጣውም አልተፈታም። ባለፈው እሁድ ደግሞ ጎማ ላስነፋ ጎራ ስል እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያቺ የአክስትህ ልጅ፣ መቼ ነው ተመልሳ የምትመጣው?" አለኝ።