ጋዝ የማይፈልገው የሽቦ ብየዳ ማሽን፦ ዘጠኝ ወር በፔጆ 404 ላይ

ሐረር ውስጥ ፔጆ 404 ለሚያድስ ሰው ዋናው ራስ ምታት ሞተሩ አይደለም። 45 ዲግሪ አጋድሎ የተቀመጠውን ባለ 1618 ሲሲ ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ አይጠፋም፤ መኪናው ከተማዋን በታክሲነት ስንት ዘመን አገልግሏልና። ጭንቀቱ ላሜራው ነው። 404 ለብቻው የቆመ ሻሲ የለውም፤ የሚሸከመው ወለሉና ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የተዘረጉት ሁለት ሳጥኖች ናቸው። እነሱ ከበሰበሱ ስቱኮ ቢለጠፍባቸውም ወገቡ ይረግባል፣ በሩም አልገጥም ይላል።

ማሽኑ የተገዛው ለዚሁ ነው። ባለ 160 አምፒር ኢንቨርተር ሲሆን፣ ውስጡ በዱቄት የተሞላ 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይጎትታል። ዱቄቱ ሲቃጠል ራሱ ጭስ ፈጥሮ ብየዳውን ከአየር ስለሚከልል የጋዝ ሲሊንደር አያስፈልግም። ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ዳስ ሥር መሥራት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በጋዝ የሚሠራው ዓይነት ትንሽ ነፋስ ሲነካው ብየዳው እንደ ስፖንጅ ይበሳሳል። በዘጠኝ ወር ሁለቱን ሳጥኖች፣ የወለሉን ግማሽና የትርፍ ጎማ ማስቀመጫውን ጨርሷል። ሰባት ባለ 1 ኪሎ ጥቅል ሽቦና አሥራ አራት ሽቦው የሚወጣበት የመዳብ ጫፍ በልቷል።

ገና ከካርቶን ሲወጣ መስተካከል ያለበት ነገር አለ። ማሽኑ የሚመጣው ሽቦ መግፊያው ከፖዘቲቭ ጋር ታስሮ ነው፤ ያ ለጋዝ ሽቦ ነው። ለዚህ ሽቦ መግፊያው ወደ ኔጋቲቭ፣ የመሬቱ ቆንጣጭ ወደ ፖዘቲቭ መዞር አለበት። ሳይዞር ከተጀመረ እሳቱ ይረጫል፣ ቀጭን ላሜራም ቶሎ ይበሳል። ብዙ ሰው ማሽኑ የማይረባ ነው ብሎ የሚመልሰው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ሽቦውን የሚገፋው ጎማም ጥርሳም መሆን አለበት፤ ሽቦው ዱቄት የያዘ ስስ ቱቦ ስለሆነ ለስላሳው ጎማ ይንሸራተትበታል። ተንሸራተተ ብሎ ማጥበቅ ደግሞ ሽቦውን ይደፈጥጠዋል፣ የተደፈጠጠ ሽቦም ጫፉ ላይ ይቀረቀራል። ልኩን ለማወቅ ሽቦውን እንጨት ላይ ማስገፋት ነው፤ ጎማው ሳይንሸራተት ሽቦው ከታጠፈ ይበቃል።

መብራቱ ትልቁ ፈተና ነው። ማሽኑ 220 ቮልት ይጠብቃል፤ ማምሻውን ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ ቮልቱ ይወርዳል፣ እሳቱም ይሳሳል። ያን ጊዜ አምፒር መጨመር አይረዳም፤ ጠዋት መሥራት ይሻላል። ማራዘሚያውም የራሱን ይበላል። 15 ሜትር የሆነ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ በ20 አምፒር ጊዜ 7 ቮልት ገደማ ይጥላል፤ ባለ 2.5 ካሬ ሲሆን 4.5 ቮልት አይሞላም። ገመዱ ተጠቅልሎ ሳለ መሥራት ደግሞ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ እስከ ጫፉ ይዘርጋ።

ለ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከ40 እስከ 50 አምፒር በቂ ነው። ከጫፉ የሚወጣው ሽቦ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ እጅም ወደ ራስ እየጎተተ እንጂ እየገፋ አይሂድ። መስመር ይዞ መሄድ ግን የለም። በአንድ ሰከንድ ነጥብ ጣል አድርጎ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ዘሎ ሌላ ነጥብ፣ ከዚያ በሌላው ጥግ፤ ነጥቦቹ ጥቁር ሆነው እስኪበርዱ ጠብቆ መሃላቸውን መሙላት። ውኃ ማፍሰስ ላሜራውን ያጣምመዋል። ክፍተቱ ሰፍቶ ቀዳዳ ከከፈተ ከጀርባው ጠፍጥፎ የተደፋ የመዳብ ቱቦ ማስደገፍ ነው፤ መዳቡ ሙቀቱን ይጠጣል፣ ብየዳውም አይጣበቅበትም።

ሳጥኑ ከመቆረጡ በፊት የበሩ ክፍተት በ25 በ25 ሚሊ ሜትር ካሬ ብረት ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ይታሰር። መኪናው በክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ከተቆረጠ እንደጎበጠ ይበየዳል፤ ያን በኋላ የሚያቃና ነገር የለም። ክብደቱ በጎማዎቹ ወይም በእግሮቹ ማያያዣ ሥር ባሉ አራት ድጋፎች ላይ ይረፍ። አንዱን ጎን ጨርሶ፣ በሩን ዘግቶ ከፍቶ ካዩ በኋላ ነው ሌላውን መንካት። ለመጣፊያ የጣራ ቆርቆሮ አይሆንም። በጣም ስስ ከመሆኑ ሌላ ዚንኩ ሲቃጠል ብየዳውን ይበሳሳዋል፤ ነጩን ጭስ የሳበ ሰውም ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይይዘዋል። ባለ 1 ሚሊ ሜትር ጥቁር ላሜራ ግዙ።

ከብየዳው በላይ የሚቀረው ቅርፊት በመዶሻና በሽቦ ብሩሽ እስከ መጨረሻው መነሳት አለበት። ቅርፊት ላይ የተቀባ ቀለም በወራት ይላቀቃል፤ ሥሩም እርጥበት ይዞ ዝገቱን እንደገና ይጀምረዋል። ይህ የዚህ ዓይነት ማሽን እውነተኛ ድካም ነው፦ አንድ ሰዓት ተበይዶ ሁለት ሰዓት ይፈገፈጋል። ለዚህ ነው ለሚታይ ቆዳ የማይመከረው። የ404 የፊት ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ተፈቶ በጋዝ ለሚሠራ ጥሩ ባለሙያ ቢሰጥ ይሻላል፤ እዚህ ማሽን ላይ ይረጋገባል፣ ከዚያም የስቱኮ ተራራ ይጠይቃል። ለማይታየው፣ ለሚሸከመው ክፍል ግን ዋጋውን ከበቂ በላይ መልሷል።

ምን ተበላሸ? አብሮት የመጣው የመሬት ቆንጣጭ በሁለተኛው ሳምንት ሙቀቱን አልቻለም፤ በወፍራም የመዳብ ቆንጣጭ ተተካ። የሽቦ መግፊያው ፕላስቲክ ክንድ በአምስተኛው ወር ተሰነጠቀ፤ ከ3 ሚሊ ሜትር አልሙኒየም ተቆርጦ የተሠራው እስካሁን ይዟል። 0.8 የተጻፈበት ጫፍ ሲግል ሽቦውን ይይዛል፤ 0.9 ሲገጠም ችግሩ ቀረ። ቢጫው መብራት በርቶ ማሽኑ የሚቆመው ሲሞቅ ነው፤ ማጥፋት አይገባም፣ ማራገቢያው እየሠራ ራሱ ይበርድ። የድሬዳዋ ወዳጆች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ የማሽኑ የሥራ መጠን (ሳያርፍ መሥራት የሚችልበት ጊዜ) የሚለካው በ40 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ቆርቆሮ ጣራ ሥር እኩለ ቀን ላይ ከዚያ ያልፋል።

የግራይንደር ብናኝ ብረት ስለሆነ ውስጡ ገብቶ ሰሌዳውን ያቃጥላል። በየወሩ ከሶኬት ነቅሎ አሥር ደቂቃ ጠብቆ በደረቅ አየር ማራገፍ፤ ሽቦ የሚያልፍበትን ቱቦም በየጥቅሉ መንፋት። በሐምሌና ነሐሴ ሽቦው ማሽኑ ላይ ከከረመ ዱቄቱ እርጥበት ይጠጣል፤ እሳቱ ይንጣጣል፣ ብየዳውም ይበሳሳል። ማታ ማታ አውጥቶ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ማኖር ነው። ከርሞ ከተገኘ የላይኛውን ሁለት ሦስት ሜትር ቆርጦ መጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት ባትሪው ይነቀል፣ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ይውረድ። ቆንጣጩ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ፤ ርቆ ከታሰረ ኃይሉ በኩሽኔታ በኩል አልፎ ኳሶቹን ይበላቸዋል። ፋብሪካው ሥሩን የቀባው ሬንጅ ከብየዳው 10 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ይፋቅ፤ ሬንጁ ከላይ ሳይታይ ከሥር ይጤሳል። የቀኑ የመጨረሻ ነጥብ ከተበየደ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቡ ቆዩ፤ ወለሉ ላይ የቀረ ምንጣፍ ቀስ ብሎ ጤሶ የሚነደው ሰው ከሄደ በኋላ ነው።