ዋይፋይ ሞደሜ ከ8 ወር በኋላ፦ ሁሉን ትችላለች፣ ድምፅ ግን የላትም

ስገዛት ማስታወቂያው «ከድሮው ሞደም አንድም ነገር አይጎድላትም» ይል ነበር። ስምንት ወር ተጠቀምኩባት። ይጎድላታል፤ ያውም ዋናው ነገር።

ለማያውቃት፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን ናት። አሮጌ ኮምፒውተር ጀርባ፣ ድሮ ሞደም የሚሰካበት ሲሪያል ፖርቱ ላይ ትሰካለች፤ ኮምፒውተሩም በስልክ መስመር የሚያገናኘውን የድሮ ሞደም ያገኘ ይመስለዋል። እንደ ድሮው «ኤቲዲቲ» የሚለውን የመደወያ ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ ከስልክ ቁጥር ይልቅ ግን የቢቢኤሱን፣ ማለትም ሰዎች ደውለው መልእክት የሚለዋወጡበትን ኮምፒውተር፣ አድራሻ ትሰጣታለህ፣ እሷም በቤትህ ዋይፋይ ታገናኝሃለች። ዛሬም ባለቤቶቻቸው በፍቅር የሚያቆዩአቸው ቢቢኤሶች አሉ። አንድ ቀን አልተቆረጠችብኝም፣ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ግን ዝም ትላለች። ኤንተር ስትጫን «ኮኔክት» የሚል ቃል ይወጣል፣ አለቀ። ድምፅ ማውጫውን የሚከፍተውን «ኤቲኤም1» ብጽፍላት «ኦኬ» ትለኛለች፣ የሚሰማ ነገር ግን የለም።

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ቤት የደረሰው ደግሞ በ1992። ስልኩ ሳሎን ነበር፣ ኮምፒውተሩም ለሱ ሲባል ሳሎን ገባ። መጀመሪያ የመስመሩ «ቱ…» ይሰማል፣ ቀጥሎ ቁጥሮቹ፣ ከዚያ ከወዲያ ማዶ የሚመልሰው ቀጭን ጩኸት፣ ከዚያ ሁለቱ ሞደሞች ሲንጫጩ፣ በመጨረሻ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ሽሽታ። ከዚያ ጸጥ። ያ ሁሉ ጩኸት ለጌጥ አልነበረም፤ ሞደሞቹ መስመሩን እየፈተሹ በስንት ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ይስማሙ ነበር። ክረምት ላይ ሽቦው ውሃ ሲነካው ድምፁ ይለወጣል። ገና ሲንጫጩ ሰምቼ «ዛሬ 28.8 ከሰጠኝ ተመስገን ነው» እል ነበር፣ በሰከንድ 28.8 ኪሎቢት ማለቴ ነው።

እማዬ ሞደም ምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም፣ ግን ከወጥ ቤት ሆና ጆሮዋ ለምዶት ነበር። ሽሽታው ሳይንገዳገድ ካለቀ «ገባልህ?» ትላለች። ከመሃል ተቋርጦ እንደ አዲስ ከጀመረ ደግሞ «ዛሬም እምቢ አለህ አይደል ልጄ» ብላ ሽንኩርቷን ማቁላላቷን ትቀጥላለች። አንዴ ከገባ ስልኩን የሚነካ የለም፤ እጀታውን ማንም ካነሳው ይቆረጣል። ያኔ አሜሪካ ከነበረው ወንድሜ ደብዳቤ ይወርዳል፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ። ፊደላችን ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ሰንጠረዥ፣ ዩኒኮድ ውስጥ፣ የገባው በእ.ኤ.አ. 1999 ስለሆነ እኛ ኮምፒውተር ላይ ገና አልደረሰም። ወንድሜ «ሴራ» በሚባለው አጻጻፍ ነበር የሚጽፈው፦ ትንሿ ቲ «ተ» ናት፣ ትልቋ ቲ «ጠ»። እማዬ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትመጣና ጀርባዬ ትቆማለች፣ እኔም ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

ሻጩ እዚህ ጋ ሲደርስ የሚለኝን አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ አዲሷን ውሰድ፤ ድምፅ ማጉያ አላት፣ የተቀዳ የሞደም ድምፅ ታሰማለች።» የተቀዳውን ምን ላድርገው? በዝናብም በፀሐይም ያው ነው። እዚህ የሚፈተሽ የስልክ መስመር የለም፣ ሁለት ሞደሞች እየተንጫጩ የሚስማሙበት ፍጥነትም የለም፣ ስለዚህ ጩኸቱ ምንም አይነግረኝም። እምቢ ሊል የማይችልን ነገር «ገባልህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።

አንድ ያስደሰተኝ ነገር ግን አለ። ፍጥነቷን በሰከንድ ወደ 300 ቢት ማውረድ ይቻላል፣ በሰከንድ 30 ያህል ፊደል ማለት ነው። ጽሑፉ ልክ በንባቤ ልክ ይመጣል። ማታ ማታ መብራት አጥፍቼ የሰው መልእክት እንዲህ ቀስ ብሎ መስመር በመስመር ሲወጣ ማየት ደስ ይለኛል። ለዚህ ብቻ አልሸጣትም። ግን ለወጣባት 60 ዶላር አሁንም ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም የፈለግኩትን ለማግኘት እንደገና ማውጣት ነበረብኝ።

አሁን እዚህ ሜሪላንድ ያገለገለ እውነተኛ ሞደም ገዝቻለሁ፣ ከሱም ጋር ሁለት ሞደሞችን ልክ እንደ ቴሌ የሚያገናኝ፣ የመስመሩን «ቱ…» እና የጥሪ ደወሉንም ራሱ የሚሰጥ ሳጥን። በዚህ መንገድ ከ33.6 ኪሎቢት በላይ አይሄድም፤ 56 እንዲሆን በአንዱ ወገን ዲጂታል መስመር ያስፈልጋል። ይሁን። ሁለተኛው ሞደም በዚህ ሳምንት ይደርሳል። ያን ቀን አዲስ አበባ እደውልና ስልኬን ሞደሙ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ለእማዬ ምንም አልነግራትም፤ ገባልኝ ወይስ እምቢ አለኝ፣ ሰምታ እሷ ትንገረኝ።