መሰላል ወይስ መረብ? ለጅማ ጭቃ የሚሆን የከባድ መኪና ጎማ ሰንሰለት

የጎማ ሰንሰለት ሲባል በረዶ ቢታወስም ለጭቃ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1904 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው ሃሪ ዊድ ሐሳቡን ያገኘው ሹፌሮች ጭቃና በረዶ ላይ ጎማቸውን በገመድ ሲጠመጥሙ አይቶ ነው ይባላል። ጌራ ወይም ሊሙ መንገድ ላይ እሸት ቡና ጭኖ ድጥ የያዘው የአይሱዙ ረዳት ዛሬም ገመዱን ያወጣል። ማጠቢያ ጣቢያ የሚሄድ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ስላለበት መንገዱ እስኪደርቅ አይጠበቅም።

ገዢ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው የብረቱን ውፍረት ነው። ጎኑ ላይ 7.50-16 የሚል የመጠን ቁጥር ላለው ጎማ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ለ12.00-20 ከ8 ሚሊ ሜትር ባያንስ ይሻላል። ከዚያ በላይ ማወፈር ክብደት ይጨምራል፣ በጎማውና በባሌስትራው መካከል ያለውንም ክፍተት ያጠብባል። ጭቃ ላይ ልዩነት የሚያመጡት ንድፉና ማጥበቂያው ናቸው።

ንድፉ ሁለት ዓይነት ነው፤ መሰላልና መረብ። መሰላሉ ሁለት የጎን ሰንሰለቶች አሉት፤ አጫጭር ተሻጋሪዎች ጎማውን አቋርጠው ያያይዟቸዋል። በተሻጋሪዎቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለ ጎማው ሲዞር ጭቃውን ይተፋል፣ ቀጣዩ ተሻጋሪ ደግሞ እንደ ዶማ ይቆፍራል። ቀጥ ብሎ ዳገት ለመውጣት የሚተካከለው የለም። ወደ ጎን ግን አይዝም፤ መንገዱ ወደ ቦይ ካዘነበለ የመኪናው ኋላ ወደዚያ ይንሸራተታል። ጠንካራ መሬት ላይም ክፉኛ ይደልቃል።

መረቡ ሰያፍ ሆኖ ስለሚያያዝ ምንጊዜም መሬት የሚነካ ብረት አለው፤ የጎን መንሸራተትን ይይዛል፣ ድለቃውም ይቀንሳል። ችግሩ የእኛ ቀይ አፈር ነው። ሸክላው የመረቡን ጠባብ ዓይኖች ሞልቶ ይጣበቅና ጎማው እንደ ሳሙና ይለሰልሳል። ጠጠር የለበሰና ጎኑ ገደል የሆነ መንገድ ለሚበዛበት መረብ ይሁን። እርሻ ውስጥ ገብቶ ለሚጭን ግን ያለ ማመንታት መሰላል ነው።

የኋላው ጥንድ ጎማ ሌላ ምርጫ ያመጣል። ለውጭኛው ጎማ ብቻ የሚሆነው ርካሽና ቀላል ነው፤ ለአይሱዙ ይበቃል። ነገር ግን ሰንሰለቱ ውጭኛውን ጎማ ከፍ ስለሚያደርገው ደረቅ መሬት ላይ ጭነቱ ወደዚያ ጎማ ያመዝናል፤ ረጅም መንገድ አይነዳበትም። ሁለቱንም ጎማ የሚሸፍነው ባለ ሦስት ሐዲድ፣ ማለትም ዙሪያውን የሚሄዱ ሦስት ሰንሰለቶች ያሉት፣ ከባድ ስለሆነ ለመግጠም ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሲኖትራክ ሙሉ ጭነት ይዞ ለሚገባበት ቦታ ይህ ነው።

ማጥበቂያው የላስቲክ ወይም በቁልፍ የሚዞር ነው። ላስቲኩ ይቀላል፣ ግን ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ መንጠቆውም ጭቃ ውስጥ ይወልቃል። በቁልፍ የሚዞረው ይበልጣል፤ ላስቲኩን በላዩ መጨመር አይከፋም። ቁልፉ ከጠፋ ግን ጣጣ ነውና ሁለት አድርጋችሁ ግዙ።

አገጣጠሙን ሱቁ በር ላይ አስሞክሩ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው በድንጋይ ይደገፍ። ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘርግታችሁ የተጠማዘዘውን አቃኑ። የተሻጋሪዎቹ መንጠቆ አፍ ወደ ጎማው ካየ ጎኑን ይበላዋል፤ ወደ ውጭ ይዙር። ማጥበቂያዎቹም በውጭ በኩል ይሁኑ። በጎማው ላይ አልብሱትና መኪናውን ትንሽ አስጠግታችሁ ጫፎቹን አገናኙ። መጀመሪያ የውስጡን እሰሩ፤ የውጩ ቀድሞ ከታሰረ እጅ የሚገባበት ቦታ አይኖርም። በሁለቱም በኩል የተረፉት ቀለበቶች እኩል መሆናቸውን ቁጠሩ፤ ካልሆነ ሰንሰለቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ከዚያ ማጥበቂያዎቹን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቃችሁ አዙሩ። ሁሉም ዞረው አልቀው አሁንም ከላላ፣ ፈትታችሁ የውጩን መንጠቆ አንድ ቀለበት አሳጥሩ። ጎማውን አስተንፍሶ ማሰር ግን አይሞከር።

100 ሜትር ያህል ነድታችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁ። ሰንሰለቱ በጎማው ላይ የሚደላደለው ያኔ ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው ፓራፋንጎው ሥር ቋ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል። የተረፈውን ጫፍ በሽቦ እሰሩ፤ ከተንጠለጠለ የፍሬን ቱቦ ይመታል። ዝቅተኛ ማርሽ ያዙ፣ ጎማው በቦታው እንዲሽከረከር አትፍቀዱ፤ ተሻጋሪ የሚበጠሰው በአብዛኛው ያኔ ነው። የአጋሮ አስፋልት ላይ ስትወጡ ፍቱት።

በቸርኬው ቀዳዳ የሚታሰረው ነጠላ ማሰሪያ ከአንድ ማጥ ለመውጣት ይጠቅማል፤ ጉዞ አይሠራበትም። ከጭነት ማሰሪያ ሰንሰለት በየብየዳ ቤቱ የሚሠራው ርካሽ ነው፤ ብረቱ ለስላሳ ከሆነ ቶሎ ያልቃል፣ የተበየደውም ቦታ ቀድሞ ይሰበራል። በእሱ ፋንታ አራት መለዋወጫ ተሻጋሪና አንድ ጠንካራ ፒንሳ ግዙ።