ሐኪም ቤት መመላለስ ወይስ ነርስ ወደ ቤት?

ከቱሉ ዲምቱ ጥቁር አንበሳ ድረስ በታክሲ መሄድ ለጤነኛም ይከብዳል፤ ካንሰሩ አጥንቱ ድረስ ለዘለቀ ሰው መንገዱ ራሱ ሌላ ሕመም ነው። የጨረር ሕክምና ሆስፒታል ካልሄዱ አይገኝም፤ ለዚያ መንገዱን መቻል ነው። ሕመምን ማስታገስ ግን የግድ የሆስፒታል አልጋ አይጠይቅም። የሚዋጥ ፈሳሽ ሞርፊን የሚያስታግሰው ለ4 ሰዓት ያህል ስለሆነ በየ4 ሰዓቱ መሰጠት አለበት፤ ይህን የሚያደርገው ቤተሰብ ነው። ሆስፒስ ኢትዮጵያን ከመሰለ ድርጅት ነርስ ቤት ድረስ ስትመጣ ሕመሙን በዓይኗ አይታ መጠኑ እንዲስተካከል ታደርጋለች፣ ሞርፊኑ ለሚያመጣው የሆድ ድርቀት መፍትሔ ትነግራለች፣ አስታማሚዋንም «አንቺስ እንቅልፍ አገኘሽ?» ትላለች። እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ሞርፊኑ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ካልተገኘ ግን የነርሷ ጉብኝት ብቻውን ሌሊቱን አያሳልፍም።