ሚኒ ቲለር በሐዋሳ አፈር ላይ፦ ከበልግ እስከ መስኖ ወቅት

ማሽኑ የቤንዚን ሚኒ ቲለር ነው፤ በእጅ እየተገፋ በሚሽከረከሩ ጥርሶቹ አፈር የሚቆፍር አነስተኛ ማረሻ። ሞተሩ የሆንዳ ጂኤክስ 200ን ንድፍ የተከተለ፣ 196 ሲሲ፣ 6.5 የፈረስ ጉልበት፣ በገመድ የሚነሳ፤ ጉልበቱን በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ወደ ካምቢዮ (የጥርሶቹን ዘንግ ወደሚያዞረው የማርሽ ሳጥን) ያስተላልፋል። በቱላ በኩል ባለ የአትክልት ማሳ ላይ በልግ፣ ክረምትና የመስኖ ወቅት ሠርቷል። ሞተሩ ጠንካራ ነው። ካርቡሬተሩ (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል) ግን ቤንዚን ይመርጣል፣ ካምቢዮው ላይ ያለችው የዘይት ማቆያ ጎማ ደግሞ እንክብካቤ ትፈልጋለች። ጋራዥ ከሚያስኬደው ችግር አብዛኛው እዚያው ማሳው ዳር በካቻቢቴና በ10 ቁልፍ ያልቃል።

ከርሞ አልነሳ ያለ ሞተር ገመድ በመሳብ ብዛት አይነሳም። የቤንዚን መክፈቻውን፣ ማብሪያውንና የዘይቱን መጠን ካዩ በኋላ ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ይፍቱ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። መክፈቻውን ዘግተው ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ኩባያ አውርዱና ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ እዩ፤ ውሃ ካለ ከቤንዚኑ ሥር ድቡልቡል ሆኖ ይንከባለላል፣ የቆየ ቤንዚን ደግሞ ቡናማ ሙጫ ጥሎ ይገኛል። መሃል ላይ የተጠመደችውን የነሐስ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀጭን ቀዳዳ ብሎን) ፈትታችሁ ከኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ጥረጓት። መርፌ አታስገቡ፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋና ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቤንዚን መጠጣቱን አይተውም። ቾኩ (ሲነሳ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሲመለስ የሚጠፋ ሞተርም በሽታው ይኸው ነው፣ ጄቷ በከፊል ተደፍናለች።

ካንዴላው ርጥብ ከሆነ ወይ ቤንዚን በዝቶበታል ወይ እሳት የለም። መጀመሪያ ካንዴላው እንደወጣ ቤንዚኑን ዘግቶ፣ ቾኩን መልሶ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ገመዱን ጥቂት መሳብ ነው። የተረፈው ቤንዚን ከወጣና ከተነነ በኋላ ካንዴላውን ከቆቡ ጋር አያይዘው፣ ብረቱን ከቀዳዳው ራቅ አድርገው ሞተሩ ላይ አስነክተው ገመዱን ይሳቡ። እሳት ከሌለ ከማብሪያው የሚመጣውን ሽቦ ነቅለው ይሞክሩ፤ ያኔ እሳት ከመጣ ጥፋቱ የማብሪያው ነው። ዘይቱ ሙሉ መሆኑን ካረጋገጡ የዘይት መቆጣጠሪያውንም ሽቦ በተመሳሳይ መንገድ መሞከር ይቻላል። ይህ መቆጣጠሪያ ዘይት ሲጎድል እሳቱን ስለሚያጠፋ ብዙ ሰው ሞተሩ የተቃጠለ ይመስለዋል። የካንዴላው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር መሆን አለበት።

ሩብ ሰዓት ያህል ሠርቶ የሚጠፋና ትንሽ አርፎ የሚነሳ ከሆነ የታንከሩን ክዳን ላላ አድርጋችሁ እዩ። ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል።

ስለ ጉልበቱ፦ ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ እዚህ የሚገኘው ከ6.5ቱ ወደ 5 የተጠጋ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑም ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። ሻጩን «ለምን ደከመ» ብሎ ከመውቀስ በመጀመሪያው ዙር 10 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ቆርጦ፣ በሁለተኛው ጠለቅ ማለት ይሻላል።

አቧራው ሌላ ጉዳይ ነው። የስምጥ ሸለቆ አፈር እሳተ ገሞራ የተወው ጠጠርና አመድ ያለበት ስለሆነ በበጋ እንደ ዱቄት ይቦንናል፣ የቲለሩንም ጥርሶች እንደ ሞረድ ይበላል። መመሪያው የአየር ማጣሪያውን በየ50 ሰዓቱ አጽዱ ይላል፤ በደረቅ ማሳ ግን በየቀኑ ነው። ስፖንጁ በሳሙና ታጥቦ ሲደርቅ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ተደርጎበት ይጨመቃል። የወረቀቱን ማጣሪያ ማራገፍ ብቻ፣ ዘይት አያስነኩት። የሞተር ዘይቱ 0.6 ሊትር ነው፤ መጀመሪያ በ20 ሰዓት ይቀየራል፣ ከዚያ መመሪያው 100 ሰዓት ቢልም ለዚህ አቧራ 50 ይሻላል።

አሁን ወደ ካምቢዮው የዘይት ማቆያ ጎማ። የማዳበሪያ ከረጢት ክርና የሰርዶ ሥር በጥርሶቹ ዘንግ ላይ ይጠመጠምና ውስጥ ውስጡን ወደ ካምቢዮው ይገባል፤ ጎማዋን ይቆርጣል፣ ዘይቱ ማንም ሳያየው አፈር ውስጥ ይፈሳል። ምልክቱ በዘንጉ ዙሪያ የረጠበና የተጣበቀ ጭቃ ነው። ከሥራ በኋላ ሞተሩን አጥፉ፣ የካንዴላውን ቆብ ንቀሉ፣ ከዚያ ክሩን በቢላ ቁረጡ። ማሽኑን ስታዘነብሉ ካንዴላው ወደ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ዘይት ወደ ማጣሪያው ሄዶ ሲነሳ ነጭ ጭስ ይተፋል። ቺንጋውን የሚወጥረው የእጅ መያዣ ተለቅቆ ጥርሶቹ መዞር ካላቆሙ የቺንጋው ኬብል ከልክ በላይ ተወጥሯል፣ ሳይስተካከል አይሠራበት።

ቤንዚን በቢጫው የምግብ ዘይት ጀሪካን ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ያልታጠበ ቅሪት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ካርቡሬተር ውስጥ ሙጫ ይሆናል። ማሽኑ ከወር በላይ የሚያርፍ ከሆነ ታንከሩን አራግፉ፣ ሞተሩንም በራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ስለ ሞተሩ ብዙ አይጨነቅ፤ ካንዴላም ሆነ ካርቡሬተር ለዚህ ንድፍ ከውሃ ፓምፕና ከጄኔሬተር ዕቃ መደብር ይገኛል። ካምቢዮው ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ያቺን ጎማና አንድ ትርፍ ቺንጋ መደርደሪያው ላይ አውጥቶ ያሳያችሁ፤ «እናስመጣለን» ካለ ሌላ ሱቅ ጠይቁ።